የታኅሣሥ ጭድ በሐምሌ ዋጋ

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት በአንድ ጥያቄ ነው። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን ምርት በየዓመቱ እያደገ እንደሆነ ሲነግረን እጄን አወጣሁና፣ "ታዲያ ሰልፉ ለምን አብሮ ያድጋል?" አልኩት። ውጣ አለኝ። ወጣሁ። ተመለስ ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አባቴ አልተቆጣም። እንደውም ደስ ያለው መሰለኝ። አባቴ ባለጋሪ ነው። ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ባለታክሲው ማደያ በር ላይ ተሰልፎ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል፣ እኛ በአጠገቡ ቀጭ ቀጭ እያልን እናልፋለን። ከመናኸሪያ ሆስፒታል፣ ከገበያ ባቡር ጣቢያ፣ ከተማው የሚንቀሳቀሰው በፈረስ ነበር። አባቴ ታክሲዎቹን ባየ ቁጥር "አይዟችሁ፣ እሱም ያልፋል" ይላቸዋል። ፊቱ ላይ ግን እንዲያልፍ የሚመኝ ሰው አይታይበትም።

ሁለት ፈረስ ነበረን። አንዱ ዳማ ነው፣ ከአባቴ ጋር ያረጀ፣ እንደ አባቴ ሰው የማይሰማ። ሌላው ቦራ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጎረምሳ። ቦራው የኔ ነበር። ሁለተኛ ጋሪ ግቢያችን ውስጥ ተሰርቶ ቆሟል፤ ጎማውን ከተጣለ መኪና አግኝተን፣ መቀመጫውን እኔ ራሴ ቀይ ፕላስቲክ አልብሼው። አባቴ "መስቀል ይለፍና ትነዳዋለህ" ብሎኛል። እኔም ማታ ማታ ባዶው ጋሪ ላይ ወጥቼ እቀመጥ ነበር። እናቴ "ውረድ፣ ሂሳብ ትጠይቀኛለህ እንዴ?" ትለኛለች።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ሐምሌ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረን። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የውጭ አገር አውሮፕላን ኩባንያ ትኬት ቢሮ የሚሰራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማቱን ሊጠይቅ ናዝሬት የሚመጣ ሰው። አውሮፕላን የተሳለበት ቦርሳ ይይዛል። ቦርሳውን ሲያስቀምጥ አውሮፕላኑ ወደ መንገደኛው እንዲታይ አድርጎ ነው። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሰውየው ገና ሲሳፈር ዋጋ ጠየቀ፣ አባቴ "ሽልንግ" አለው፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ የስሙኒ እጥፍ።

"ባለፈው በስሙኒ አልነበር እንዴ ያመጡኝ አባት?"

"ጭድ ተወደደ ጌታዬ። ክረምት ነው።"

"እኛ እንዲህ ብንሰራ ማን ይሳፈርልን ነበር?" አለ ሰውየው። "ነዳጅ ዛሬ ተወደደ ብለን ዛሬ ትኬት ላይ አንጨምርም። የከርሞውን ነዳጅ ዋጋ ዘንድሮ ተነጋግረን እንቆርጣለን። ከዚያ ገበያው እንዳሻው ይሁን፣ የኛ ትኬት አይነቃነቅም።"

አባቴ ዳማውን መሀል መንገድ ላይ አቆመው። ከኋላ የመጣ ሌላ ባለጋሪ ሰደበን፣ አባቴ አልሰማም።

"ነዳጁን ሳታዩት ነው ዋጋ የምትቆርጡት?"

"ሳናየው። ከመሬት ሳይወጣ።"

"ሻጩ ቢክድስ?"

"ውል አለ።"

"እሺ፣ ቢረክስስ?"

ሰውየው አፉን ከፈተ። ግን ዳማው ቅድም ከቆመበት ተነስቶ ራሱ የአማትየው በር ላይ አድርሶን ነበር፣ አማትየውም በሩ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ቦርሳውን አንስቶ ወረደ። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። የቤታችን ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያች መውረድ ነው።

ማታ አባቴ ለእናቴ ነገራት። የታኅሣሥን ጭድ አሁን እገዛለሁ አለ።

"ታኅሣሥ ሲደርስ ብትገዛስ?" አለችው። "ያን ጊዜ አጨዳ ነው፣ ጭድ ይረክሳል።"

"አምና ጠብቄ ምን አገኘሁ?"

አምና ዝናቡ ሳያደርስ ቀርቶ ጤፉም ጭዱም ጠፍቶ፣ ዳማው የጎረቤት የሳር አጥር በልቶ አባቴ ሲያጥር ከርሟል። ስለዚህ ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም። ይሄን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ጉዳዩ እኔን የሚነካ አልመሰለኝም።

በነጋታው ከአዋሽ ማዶ አርሲ በኩል አንድ የሚያውቀው ገበሬ ጋ ወሰደኝ። ሰውየው በሬ ጠምዶ እያረሰ ነበር። ጤፉ ገና አልተዘራም። "አካም ጅርቱ" ተባብለው፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያይቀው ሲጨርሱ አባቴ የመጣበትን ነገረው። ታኅሣሥ ላይ የሚወቃውን የጤፍ ጭድ በሙሉ ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ፣ ትንሽ ቅናሽ ተደርጎለት፣ አሁኑኑ ሊከፍለው።

ገበሬው እርፉን ለቀቀና ዞር ብሎ ባዶውን ማሳ አየው። ከዚያ አባቴን አየው።

"እህሉን መንግሥት በኮታ አስቀድሞ ወስዶታል" አለ። "ጭዱን ደግሞ አንተ ወሰድከው። ለኔ ምን ቀረ? ስወቃ የሚነሳው አቧራ?"

"አቧራውን ላንተ ትቻለሁ" አለ አባቴ።

"ቶሌ" አለ ሰውየው እየሳቀ። እሺ ማለቱ ነው። እጅ ለእጅ ተመታቱ። ስንመለስ ድልድዩ ላይ ነው፣ "ለመሆኑ በምን ልትከፍለው ነው?" ብዬ የጠየቅኩት። አባቴ ወንዙን ማየት ጀመረ። አዋሽን ስንት ጊዜ አይቶታል፣ የዛን ዕለት ግን አዲስ ሆነበት።

ቦራውን ሸጠው። ለዚያውም ሩቅ ቦታ አይደለም፣ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለሚኖር ጠጅ ለሚወድ ባለጋሪ። በየቀኑ እያየሁት እንድቃጠል።

"ፈረሴን ሸጠህ ጭድ ገዛህ?" አልኩት።

"ጭዱ ሲገባ ትርፉ ሌላ ፈረስ ይገዛል።"

"ፈረሱ እስኪገዛ ጭዱን ማን ይብላው? እኔ?"

"አንተማ ምን አጣህ፣ ፈረስ የሚያህል ትበላለህ።"

እናቴ ፊቷን አዞረች፣ እየሳቀች እንደሆነ ከትከሻዋ አወቅኩ። እኔ ግን ከልቤ ነበር የተናደድኩት። የሰፈር ልጆች ባዶ ጋሪዬ ላይ ወጥተው ሲጫወቱ አባርሬያቸዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ መልሼ ጠርቻቸዋለሁ። ቢያንስ ተሳፋሪ ይኑረው ብዬ።

አባቴ በዚህ አላበቃም። ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ፣ "ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ ስሙኒ ነው፣ ክረምትም ቢሆን" አላቸው። ሐምሌ ላይ ሽልንግ እየከፈለ ለተማረረ ሰው ይሄ ምርቃት ነው። ባለ ቦርሳው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "አባት፣ አሁን ገባዎት" አለው። የድሮው የፖለቲካ አስተማሪዬ ሳይቀር ተዋዋለ። የኔን ፊት እንዳያይ ወደ ፈረሱ እያየ ነው የተዋዋለው።

ከዚያ ዘነበ። ለጤፍ እንደዛ ዘንቦ አያውቅም። መስቀል ሲደርስ ከአዋሽ ማዶ ያለው ማሳ ሁሉ ጤፍ በጤፍ ሆነ። አባቴ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ "ተመስገን" ይላል፣ ግን ድምፁ እያነሰ ነው የሚሄደው።

ታኅሣሥ ላይ ገበሬው ቃሉን አከበረ። ችግሩም እሱ ነው፣ ማክበሩ። አህዮቹን ጭኖ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ይሄዳል። በነጋታውም ይመጣል። ጭዱ መስኮት ደረሰ። ዶሮዎቻችን ውስጡ እየጣሉ እንቁላል ፍለጋ እንደ ማዕድን ቆፋሪ መግባት ሆነ። እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ጭድ ውስጥ ገባ። ገበያ ላይ ደግሞ ጭድ የሚገዛ ጠፋ፤ ግማሹ ቤቱን ጭቃ ሊመርግበት ወሰደው፣ ግማሹ እሳት አነደደበት፣ የተረፈውን ንፋስ ወሰደው። ሌሎቹ ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን በነፃ እንደማብላት ስለሆነላቸው ዋጋቸውን አስራ አምስት ሳንቲም አደረጉት።

አባቴ ስሙኒ ላይ ቆመ።

መናኸሪያው ነገሩን ለመስማት አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ ስማችን አውሮፕላን ሆነ። ገና ብቅ ስንል፣ "አውሮፕላኑ አረፈ፣ ቀበቷችሁን ፍቱ" ይላሉ። ሳንጭን ስንመለስ፣ "ዛሬ በረራ ተሰርዟል" ይላሉ። ዳማው ደግሞ የሚሰድቡትን ያወቀ ይመስል ከሌላው ጊዜ በባሰ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው።

ባለ ቦርሳው ሰውዬ ቅዳሜ መጣ። አንድ እግሩን ጋሪያችን ላይ ካደረገ በኋላ የሌሎቹን "አስራ አምስት! አስራ አምስት!" የሚል ጥሪ ሰማና ቆመ።

"አባት፣ ጭድ እኮ ረክሷል። ስመጣ በመስኮት አይቻለሁ፣ በየሜዳው ተከምሯል።"

"የረከሰው የነሱ ጭድ ነው" አለ አባቴ። "ዳማው ሆድ ውስጥ ያለው የሐምሌው ነው።"

እኔ አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ አባቴ ቢረክስስ ብሎ ጠይቆዎት ሳይመልሱለት ነበር የወረዱት።"

"ቢረክስማ..." አለና ሳቀ። ሳቁ የክፋት አልነበረም። "ቢረክስማ ተሳፋሪው ይሰድበናል። ነዳጁ ረክሶ ትኬቱ ለምን አይረክስም ይለናል። እኛ ደግሞ የምናቃጥለው በውድ የተዋዋልነውን ነው። ያ እስኪያልቅ ምን እናደርጋለን? እየተሰደብን እንበራለን።"

"እና እርስዎ አሁን ምን ሊሉን ነው?"

"እኔ ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ" አለና እግሩን አውርዶ አስራ አምስት ሳንቲሙ ጋሪ ላይ ወጣ።

አባቴ በዓይኑ ሸኘው። "ይሂድ" አለኝ። "ክረምት አይቀርም።"

ክረምት ከመድረሱ በፊት ግን ቀበሌ ደረሰ። አንድ ተቆርቋሪ ሰው ግቢው ውስጥ አከማችቷል ብሎ አመልክቶብናል። ዛሬ ስናወራው ያስቃል፣ ያን ጊዜ አያስቅም። በርበሬ አከማችተሃል ተብሎ አሻጥረኛ የተባለ፣ ከታሰረ የከረመ ጎረቤት ነበረን። ለእሁዱ ስብሰባ ተጠራን። እናቴ ለአባቴ ወፍራም ካፖርቱን አለበሰችው። ፀሐይ ነው፣ የናዝሬት ፀሐይ። ግን ከዚያ ወዴት እንደሚወሰድ ስለማይታወቅ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ አባቴን አስነሳውና ጭዱን ለምን እንደሰበሰበ ጠየቀው። አባቴ ደግሞ ማሳጠር አይችልም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገሩ እንደ አውሮፕላን ነው።"

"የማን አውሮፕላን?"

"የውጭ አገር። ነዳጁን አስቀድመው..."

"የኢምፔሪያሊስት አውሮፕላን ነው የምትለው?"

አባቴ ካፖርቱ ውስጥ ሲያልበው ከኋላ ይታየኛል። እዚያ ጋ ዝም ብል የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ተነሳሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አሻጥረኛ የሚባለው አከማችቶ በውድ የሚሸጥ ነው። አባቴ በውድ ገዝቶ ርካሽ ሲሆን ተቀምጦበታል። ግቢያችን ገብታችሁ እዩት፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፣ የሚገዛችሁ ካገኛችሁ። ይሄ ሰውዬ አሻጥር ቢችልበት ኖሮ እኔ ዛሬ ፈረስ ይኖረኝ ነበር።"

መጀመሪያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ባለጋሪዎቹ ሳቁ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ሊቀመንበሩ አፉን በእጁ ይዞ ትንሽ ታገለና ተሸነፈ። "ሂድ እቤትህ" አለው አባቴን። "ሞኝነትን የሚከለክል መመሪያ አልወረደልንም።"

አባቴ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደ። በራችን ላይ ሲደርስ ነው ዞር ያለው።

"ባትናገር ይሻለኝ ነበር።"

"ታስረህ?"

"በክብር ታስሬ።"

ብዙ ቀን አላናገረኝም። ዳማውን ግን ያናግረዋል፣ እኔ እየሰማሁ። "ልጅ እንዳትወልድ" ይለዋል።

በልግ ሳይዘንብ አለፈ። ሳሩ ደረቀ። ሰው ታኅሣሥ ላይ የናቀውን ጭድ ሰኔ ላይ መፈለግ ጀመረ፣ ግን የት ይገኛል? ግድግዳ ላይ ተመርጎ አልቋል። ባለጋሪዎቹ ወደ ሽልንግ ወጡ፣ ከሽልንግም አልፈው ሄዱ። ሁለት ፈረስ የነበረው አንዱን ቤት ማዋል ጀመረ። አባቴ ስሙኒ ላይ ነው። እንደ ዳማው ቆሟል፣ አይወርድም አይወጣም።

ክረምቱ ገብቶ ውሃው በየመንገዱ ሲፈስ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ተመለሱ። መናኸሪያ ላይ አውሮፕላኑን የሚጠብቅ ሰልፍ ሆነ። የፖለቲካ አስተማሪዬንም ሰልፉ መሀል አየሁት። ሰልፉ ማደጉን ራሱ ቆጥሮ ይድረስበት። ባለ ቦርሳው ሰውዬም ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ መጣ።

"ውላችን እንዳለ ነው አይደል አባት?"

"እንዳለ ነው፣ ይግቡ።"

"ጋሼ፣ ዛሬስ ተሳፋሪ ነዎት?" አልኩት።

"ዛሬ ባለ ውል ነኝ" አለና ተደላድሎ ተቀመጠ። እፍረት የሚባል ነገር ፊቱ ላይ ፈለግኩ፣ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ያን ማታ አባቴ ጋ ቀርቤ ተቀመጥኩ። ግቢያችን ውስጥ ያለው ጭድ አሁን ወርቅ ነው፣ ግማሹን እንሽጥና ፈረስ እንግዛ አልኩት። በጥሩ አንደበት ነው የተናገርኩት፣ አንድም ስድብ አልጨመርኩበትም።

ከስብሰባው ወዲህ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት አየኝ።

"አይሆንም" አለ።

"ለምን?"

"አከማችቶ በውድ የሚሸጥ ምን ይባላል? አንተ ነህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያስረዳኸው። ሊቀመንበሩ ራሱ ካንተ ነው የተማረው።"

አፌን ከፈትኩ። የምለው አጣሁ። በሕይወቴ እንደዛ የሆንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ከጓዳ "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች፣ መልሴን ልትሰማ። ፈረሴን የገዛ አፌ በላው።

እንግዲህ ቀረ ብዬ ትቼው ሳለ ጠጅ ወዳዱ ባለጋሪ መጣ። ቦራውን በገመድ እየጎተተ ነው። ፈረሴ የጎድን አጥንቱ ይታያል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ብቻ ነው ያልከሳው። ሰውየው አባቴን ጭድ እንዲሸጥለት ለመነው። አባቴ አልሸጥም አለው፣ ምክንያቱንም እኔን እያየ ነገረው።

"ታዲያ ሁለቱም ሊሞቱብኝ ነው" አለ ሰውየው። "ቤት ሌላ አለኝ።"

አባቴ ካፖርቱን እያራገፈ አሰበ። "መሸጥ ነው ያልተፈቀደው" አለ በመጨረሻ። "እንግዳ ማብላት ማንም አልከለከለም። ቤት ያለው ፈረስህ አጨዳ እስኪደርስ እኛ ጋ ይብላ። ቦራው ግን እንግዳ አይደለም። እሱ ቤቱ ነው የገባው።"

ሰውየው ፈረሱን አየ፣ ጭዱን አየ። ገመዱን ለኔ ሰጠኝ። በጭድ የሄደ ፈረስ በጭድ ተመለሰ። እናቴ ለባለጋሪው የሚጠጣ ነገር ስታመጣለት ቦራውም አብሮ አንገቱን ወደ መጠጫው አሰገገ። ያን ጊዜ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

በላ፣ ጠና፣ ጠመድኩት። የራሴን ጋሪ የነዳሁባት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ ከመናኸሪያ የመጀመሪያው ተሳፋሪዬ ማን ይሁን? ቦርሳው ከሩቅ ታየኝ። የአባቴ ጋሪ ሞልቶበት ነው ወደኔ የመጣው። ቀዩ መቀመጫዬ ላይ ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ወደ መንገደኛው አዙሮ አስተካከለ፣ ተነሳን።

ትንሽ እንደሄድን ቦራው አንድ ጠጅ ቤት በር ላይ ቀጥ አለ። ልጓሙን ብስብ፣ ብለምነው፣ ብሰድበው ንቅንቅ የለም። አንድ ብርሌ ተጠጥቶ የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ ቆመና በራሱ ተነሳ። ቀጥሎ ያለው ጠጅ ቤት ጋ እንደገና ቆመ። የድሮ ጌታው አሰልጥኖታል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለ ሰውየው።

"ትራንዚት ነው ጋሼ። እናንተ ጋ የለም?"

ሳቀ። ሦስተኛው ጠጅ ቤት ላይ መሳቁን ተወ። ከዚያ ዋጋዬን ጠየቀኝ።

"ስሙኒ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ፣ ክረምትም ቢሆን። እኔና አባቴ የከርሞውን ጭድ ተዋውለናል።" እውነቴን ነው፣ ባለፈው ሳምንት አብሬው ከአዋሽ ማዶ ሄጄ ነበር። ገበሬው ከሩቅ ሲያየን እርፉን ትቶ መሳቅ ነው የጀመረው።

ሰውየው አሰበ። እንደሚያስብ ያወቅኩት ቦርሳውን ወደ ጭኑ ስለሳበው ነው።

"ጥሩ ነው" አለኝ። "ግን ታኅሣሥ ላይ ጭድ ቢረክስስ?"

ቦራው በዚህች ሰዓት ነው ያኮራኝ። የአማትየው በር ላይ ሲደርስ ጠጅ ቤት የደረሰ ይመስል ቀጥ አለ። አማትየው ጃንጥላቸውን ይዘው ወጥተዋል።

"ደረስን ጋሼ" አልኩት። "ይውረዱ።"